አያ ጅቦ የጻፋቸው ታፔላዎች

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በራቸው ላይ እንግሊዝኛ ካልተጻፈ ደንበኛ አይመጣም ባሉበት ዘመን፣ ታፔላ ጸሐፊው አያ ጅቦ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ብሩሽ ግን ነበረው። የዝንጀሮ ምግብ ቤት በር ላይ «ዌልካም» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንድ ፊደል ዋጠ። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ «ልክ እንደ ዝንጀሮ በር አድርገህ ጻፍልኝ» አለው። ሌላውም እንዲሁ። ፊደሏ በዚያው እንደተዋጠች ቀረች።

የጅቦን መሰላልና የቀለም ባልዲ የምትሸከመው እመት አህያ ነበረች። ጀርባዋ ተልጧል፤ ሸክሙ አንገሽግሿታል። አያ አንበሶ ጸሐፊ ሊቀጥር ነው፤ በፈተና የተሳሳቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን የለየ ወንበሩን ያገኛል። አህያ ከወደቀች ግን ዕድሜ ልኳን መሰላል ተሸካሚ ናት። ስለዚህ ከበር በር እየዞረች ታፔላ ከታፔላ ታመሳክር ጀመር።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት እመት ቀበሮ።

«አጠናለሁ። ‹ዌልካም› የሚለውን ሰባት በር ላይ አየሁት፤ ሰባቱም አንድ ነው። ልክ ነው ማለት ነው።»

«ማን ጻፋቸው?»

«አያ ጅቦ ነዋ! መሰላሉን የተሸከምኩት እኔው አይደለሁ?»

«እንግዲያው ያየሽው ሰባት ምስክር ሳይሆን አንድ ጅብ ነው። ጅቦ ካልነካው ነገር ጋር አመሳክሪ።» ይህን ብላ ዲክሽነሪ ሰጠቻት። ከየት እንዳመጣችው አልተናገረችም። «በኮቴሽ ፊደል በፊደል እየጠቆምሽ አንብቢ። በዓይንሽ ብቻ ካለፍሽው፣ የለመድሽው ሁሉ ልክ ይመስልሻል።»

የፈተናው ቀን አንበሳ የገዛ ደጁን የ«ዌልካም» ታፔላ አሳያት። «ይህስ?»

አህያ ፈራች፤ መሰላሉን ስታስብ ግን የባሰ ፈራች። «ጌታዬ፣ ስህተት ነው። አንድ ፊደል ይጎድለዋል።»

«የእኔ ደጅ?» ብሎ አገሳ።

«ኧረ ልክ ነው! የእኛም ቤት እንዲሁ ነው የተጻፈው!» አሉ አራዊቱ በአንድ ድምፅ።

አህያ ዲክሽነሪውን ገለጠችለት። አንበሳ ፊደል በፊደል አየ። ቀጥሎ ሽፋኑን አየ። «ይህ የጠፋብኝ መጽሐፍ አይደል እንዴ?» ዞር ሲል ቀበሮ የለችም።

ጅቦ ብሩሹን ቀለም ነክሮ ቀረብ አለ። «ጌታዬ፣ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው። ላስተካክለው?»

ወንበሩን አህያ አገኘች፤ እሰይ! ጅቦም የገዛ መሰላሉን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ታፔላውን ሊያርም ወጣ። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ጮኸ፦ «ከማን በር ልገልብጠው?»

ከዚህ የምንማረው አንድ ስህተት ሰባት በር ላይ ቢገለበጥም ያው ስህተት ስለሆነ፣ ተማሪ ቃሉን ከታመነ መጽሐፍ ጋር ፊደል በፊደል ሳያመሳክር «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው» ብሎ ልቡን እንዳይጥል ነው።