ድምፅ አጥሪውና የእማማ የሺመቤት ካሴቶች

አንድ አንቱ የተባለ ድምፅ አጥሪ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ሥራው ድሮ ከቴሌቪዥን የተቀዱ ድራማዎችን ከካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። መገልበጡንስ ማንም ይገለብጠዋል፤ እሱ ግን የዝናቡን ኳኳታ፣ የሕፃኑን ለቅሶ፣ የዶሮውን ጩኸት ሁሉ ነቅሶ ያወጣል። ሰው ሲያደንቀው ጊዜ ደንበኛ መጠየቁን ተወ። የሚሻለውን የማውቀው እኔ ነኝ ባይ ሆነ።

አንድ ቀን እማማ የሺመቤት የሚባሉ ዓይነ ስውር አሮጊትን ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። በፌስታል ዐሥራ አንድ ካሴት ይዘዋል።

«ልጄ፣ ባለቤቴ እሑድ እሑድ ቴፑን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ የቀዳው ነው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመቱ። አሁን ካሴቱ መጎተት ጀምሯል፤ ሳይጠፋ አድንልኝ። ውስጡ ያለው…»

«አያስቡ እማማ፣ እንደ አዲስ አደርግልዎታለሁ» ብሎ አቋረጣቸው።

ካሴቱን ሲከፍተው በድራማው ላይ አንድ ሽማግሌ ያወራል። «አሁን በሩን ከፈተች። ደብዳቤውን አየችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ሰውየው ከኋላዋ ቆሟል፣ አላየችውም።» ድምፅ አጥሪው «ምን ዓይነቱ ለፍላፊ ነው!» ብሎ ተናደደ። ዐሥራ ሁለት ቀን ተቀምጦ ሽማግሌውን ቃል በቃል ለቅሞ አወጣው። ሲጨርስ ቦታ እንዳይዝበት የመጀመሪያውን ቅጂ ከኮምፒውተሩ አጠፋ፤ ካሴቶቹንም፣ ከተገለበጡ ወዲያ ማን ይፈልጋቸዋል ብሎ፣ እንደ ልማዱ ለእህቱ ባል ሰጠው።

እማማ ሊወስዱ ሲመጡ በኩራት ከፈተላቸው። ሙዚቃው ኩልል ብሎ ወጣ። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ በር ተከፈተ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

«ድንበሩስ?» አሉ።

«የቱ ድንበሩ?»

«ባለቤቴ ነዋ! የሚሆነውን የሚነግረኝ። ልጄ፣ እኔ ድራማ አይቼ አላውቅም፤ እሱ ነው የሚያሳየኝ። አሁን ማን ገባ? ማን ወጣ? ጨለመብኝ እኮ!»

ድምፅ አጥሪው ለፍላፊ መስሎት እንዳወጣው፣ የመጀመሪያውንም ቅጂ ከኮምፒውተሩ እንዳጠፋው ነገራቸው።

«ካሴቶቹን መልስልኝ በቃ» አሉ።

የእህቱ ባል ገበሬ ነው። የካሴቶቹን ክር መዝዞ፣ ወፍ እንዲያባርርለት በማሽላው ላይ ከወጠረው ሳምንት አልፎታል። ይህን ሲሰሙ እማማ «ውሰደኝ» ብቻ አሉ። ወሰዳቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ፀሐይ ያነደደው ክር እዝዝ ይላል። እማማ ዳስሰው ያዙት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ምንም አይልም» አሉ በመጨረሻ።

ፍላሹን አልተቀበሉትም። ድምፅ አጥሪው እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እሳቸውም ይቅር ብለውታል። ይቅርታቸው ግን ከድንበሩ አንዲት ቃል አልመለሰም።

ወዳጆቼ፣ ይህ ሰው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ የድንበሩ ድምፅ ይተርፍ ነበር። ያጠፋው ትጋቱ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ለእኛ ጉድፍ የመሰለን ነገር ለሌላው ምርኩዙ ሊሆን ይችላል። ሳንነካው በፊት ባለቤቱን አስጨርሰን እንስማ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ላሻሽልልህ ብላችሁ የሰው ሕይወት ውስጥ ስትገቡ፣ ያወጣችሁት ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ?