የደምለው መስክና የዘመመው ምሰሶ

ከጥቁሪት ወንዝ በታች፣ በጋው ጠንቶ ምድሩ ሁሉ ሲነጣ፣ አንድ መስክ ብቻ እንደለመለመ ይከርማል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥሮ አይከለክለውም፤ ያሻው ከብቱን ያሰማራበታል። ስሙ የደምለው መስክ ነው። ከመስኩ ሽቅብ ተወጥቶ የመስኖው ቦይ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ሲደረስ ሁለት ምሰሶዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ አንደኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ዘመም ብሎ ሥሩ በተሸጎጠ ጥቁር ድንጋይ ተደግፏል። «ይኼን ለምን አታቀኑትም?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ቶሎ መልስ አያገኝም። በአካባቢው ትምህርት ቤት መምህሩ «ስህተት ማለት በትክክለኛው ልክና እኛ በለካነው መካከል ያለው ልዩነት ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ልጆቹ በመስኮት አሻግረው ምሰሶዎቹን ያያሉ ይባላል። ትርጉሙን ከቤታቸው ይዘውት ስለሚመጡ ነው፤ ነገሩም ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት እንዲህ ነበር።

በድሮ ዘመን የጥቁሪት ውሃ የላይ አምባና የታች አምባ የጋራ ሀብት ነበር። ውሃ ደግሞ እንደ እህል በቁና አይሰፈርምና፣ የሚካፈሉት በጊዜ ነበር፤ ጊዜውን የሚለካላቸውም በቦዩ መክፈያ ላይ የተተከለ አንድ ምሰሶ ነው። የምሰሶው ጥላ ጠዋት ወደ ምዕራብ ይጋደማል፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እያጠረና ወደ ሰሜን እየዞረ ይመጣል፤ ጫፉ በስተሰሜን ከተደረደሩት ድንጋዮች መስመር ላይ ሲያርፍ እኩለ ቀን ሆነ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ውሃው የላይ አምባ ነው፤ ከዚያ እስኪመሽ የታች አምባ። ጥላውን አይቶ ቦዩን የሚያዞረው ሰው የውሃ አባት ይባላል።

በዚያ ዘመን የውሃ አባት የነበሩት የላይ አምባው አያ ባይለየኝ ናቸው። ለወንድማቸው እንኳ አንዲት ጭላፊ የማያደሉ፣ ሰው ሲጨቃጨቅባቸው ምሰሶውን መታ መታ አድርገው «እንጨት ወገን የለውም» የሚሉ ሰው ነበሩ አሉ። እውነትም እንጨት ወገን የለውም፤ ወገን ያለው የሚተክለው ሰው ነው እንጂ።

አንድ ክረምት ታዲያ ጎርፍ ምሰሶውን ገንድሶ ጣለው። ዝናቡ አልፎ የመስኖው ወራት ሲደርስ አያ ባይለየኝ አጨዳ ላይ ስለነበሩ ተጣድፈው ወጡና አዲስ ምሰሶ ተከሉ፤ አፈሩን በእግራቸው ጠቀጠቁ፣ ራቅ ብለው በዓይናቸው መዘኑና «ቀጥ ብሏል» ብለው ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። ቦታው ግን ወደ ምዕራብ የሚወርድ ተዳፋት ነው። በተዳፋት ላይ የቆመ ሰው ዓይን መሬቱን ሜዳ አድርጎ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ምሰሶው የቀናው ከመሬቱ ጋር እንጂ ከሰማዩ ጋር አልነበረም። ወደ ቁልቁለቱ አጋድሎ ነበርና የጥላው ጫፍ ከድንጋዮቹ መስመር የሚደርሰው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሆነ። ዕለት ዕለት የላይ አምባ የታች አምባን ውሃ ይጠጣ ጀመር፤ ማንም አላወቀም፣ እሳቸውም አላወቁም። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ «እስካሁን ኃጢአት የለባቸውም» ይላሉ።

ደምለው የታች አምባ ሰው ነው። ማሳው በቦዩ ጭራ ላይ ስለነበር ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ ገብስ ነው፤ ያ የመስኖ ገብስ ደግሞ ሚስቱንና አንዲት ሴት ልጁን ክረምቱን የሚያሻግር ብቸኛ ቀለባቸው ነበር። አያ ባይለየኝ ልጅቱን ክርስትና አንስተዋታልና ሁለቱ ሰዎች አበልጆች ናቸው። ስለዚህ ደምለው አፈረ፣ ቆየ፣ ገብሱ ጫፉ ሲገረጣ ግን ከሸንጎው ፊት ቆመ።

«አበልጄ፣ ውሃው ጭራው ጋ ሳይደርስ ይመሻል። ወይ ጥላው ዘግይቷል፣ ወይ ቀኑ አጥሯል።»

«ጥላ የዘገየው የት አገር ነው?» አሉ አያ ባይለየኝ፣ ሰውም ሳቀ። «እኔን ሌባ ልትለኝ ከሆነ ስሙን ጥራው። እንጨቱ ግን ወገን የለውም።»

ሸንጎው የውሃ አባትን ስም ያጎደፈ ሰው ቃሉን እስኪያነሳ ድረስ በጉባኤ እንዳይናገር ፈረደበት። ደምለው ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ።

ከፍርዱ ጥቂት ቀናት በኋላ የአያ ባይለየኝ ሚስት ዘርፌ ምሳ ይዛላቸው መጣች። እስኪበሉ ድረስ እጇ ሥራ አይፈታምና ምሰሶው አጠገብ ቆማ ጥጧን ትፈትል ጀመር። ክሩን ሳብ አድርጋ እጇን እስከ ምሰሶው ጫፍ ስታነሳ፣ እንዝርቱ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ጸጥ አለ። አያ ባይለየኝ ቀና ብለው አዩ። ክሩ ከምሰሶው ጫፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ እንዝርቱ ግን ከምሰሶው እግር አንድ ስንዝር ርቆ ተንጠልጥሏል። ክር አያዳላም፣ ተዳፋት አያታልለውም፤ ክብደት ወደ ሳበው ይወርዳል። ሊጎርሱት የያዙትን ወደ ምሳቸው መለሱ።

«ምነው፣ ምን አዩ?» አለች ዘርፌ።

«ምንም» አሉ። ኃጢአቱ የጀመረው ከዚህች ቃል ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ቢናገሩ ያሳቁትን ሸንጎ ምን ሊሉት ነው? ውሃውን የጠጣውስ የራሳቸውም ማሳ አይደል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ምሰሶውን ገፋ እያደረጉ፣ ሥሩ ጠጠር እየሸጎጡ፣ ማንም ሳይጠረጥር ቀስ በቀስ ያቀኑት ጀመር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን እያሰቡ ጠላ እንኳ ሸሹ። የክርስትና ልጃቸው ከሩቅ አይታቸው «አባባ!» እያለች ስትሮጥ፣ እንዳልሰማ ሰው ወደ ጓሮ ዞሩ። ያፈሩት እሷን ነበር፤ እግዚአብሔርን እንኳ ይህን ያህል አላፈሩም ይባላል።

ምሰሶው ሲቀና ውሃው ወደ ታች አምባ በዛ። ለደምለው ግን ረፍዶ ነበር፤ ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ቀርቷል። የአገሩም ሰው ነገሩን ገልብጦ ተረዳው፦ «አያችሁ፣ ደምለው አፉን ቢዘጋ ውሃው ተባረከ! ያደረቀው ምላሱ ነበር» አለ። ይህን ሁሉም አለ፣ ጎረቤቶቹም አሉ፤ በመጨረሻ ደምለው ራሱ አመነ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የሁለቱ አምባ ሰዎች ውሃ ሊረካከቡ በተሰበሰቡበት፣ ደምለው ጥቁር ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣና ከአያ ባይለየኝ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አበልጄ፣ በሐሰት ስምዎን አጉድፌያለሁ። ስለ ማርያም ብለው ይማሩኝ።»

ወጉ የታወቀ ነው። የተበደለው ድንጋዩን አውርዶ «ይቅር ብያለሁ» ይላል፣ ነገሩም ያበቃል። አያ ባይለየኝ ድንጋዩን ያዙ። ያችን ቃል ቢሏት ማንም፣ መቼም አያውቅባቸውም ነበር። ድንጋዩን አነሱት፤ ነገር ግን መሬት አላስቀመጡትም፣ በገዛ አንገታቸው ላይ ጫኑት።

«ዘርፌ፣ እንዝርትሽን አምጪ» አሉ። ከዚያም ከምሰሶው ሥር የሸጎጡትን ጠጠር በእግራቸው በታተኑት፤ ምሰሶው ተንሸራቶ እንደ ቀድሞው ዘመመ። ዘርፌ ክሩን ከጫፉ ላይ ለቀቀችው፣ እንዝርቱም ከምሰሶው እግር ርቆ ተንጠለጠለ። «የክርስትና ልጄን ያስራብኩት ይህን ያህል ነው» አሉ አያ ባይለየኝ። «ስተክለው አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ግን ደበቅሁ።»

ደምለው ተነስቶ ክሩን በጣቱ ነካው። «እኔ እኮ ትናንት ለንስሐ አባቴ ውሸታም ነኝ ብዬ ተናዘዝኩ» አለ።

ይቅር ብሏቸዋል ይባላል፤ ድንጋዩንም ከአንገታቸው ያወረደው እሱ ነው። ይቅርታ ግን ጎተራ አይሞላምና፣ ክረምቱ ሳይገባ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ተሰደደ። አያ ባይለየኝ የዘመመውን ምሰሶ እንዳይነቀል ብለው በዚያው ድንጋይ ደገፉት፤ በጎኑ ሌላ ምሰሶ በእንዝርት እየመዘኑ አቀኑና ደንብ አቆሙ፦ የቀናው ምሰሶ ጥላ ከመስመሩ ሲደርስ ውሃው ወደ ታች አምባ ይዞራል፤ የዘመመው ጥላ እስኪደርስ ያለው ውሃ ግን የደምለው ነው፣ ማሳው ላይ ይፈስሳል፣ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም።

እነሆ እስከዛሬ የመስኖው ወራት ሲገባ አንዲት የታች አምባ ሴት መጥታ በቀናው ምሰሶ ላይ እንዝርቷን ሳታወርድ ቦዩ አይከፈትም። ከደምለው ዘር የተመለሰ የለም። ጎልማሶች አንዳንዴ «ባዶ መስክ ከምናጠጣ ሽንኩርት እንትከልበት» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹም «ባለቤቱ የመጣ ቀን ምን ልንለው ነው?» ብለው ይመልሷቸዋል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ውሃው ወደዚያ መስክ ይዞራል። ከቀናው ጥላ እስከ ዘመመው ጥላ ባለው ጊዜ ሌላው ሰው ዛፍ ሥር ያርፋል፤ የውሃ አባት የሆነው ሰው ግን የዘመመው ጥላ እስኪደርስ ድረስ አይቀመጥም።