ፈቃድ ያልጠየቀው ቴሌስኮፕ

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። ዝናብ ቆሟል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ጠንክሯል።

አንድ ባይህ የሚባል ገበሬ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ላለ የቴሌስኮፕ ቤት የድንጋይ አጥር ይክብ ነበር። ከገበያ የተመለሰ ጎረቤቱ ሌላ መንደር ከተዳረችው የባይህ ልጅ ከስመኝ መልእክት አመጣለት፤ «ባሌ እየደበደበኝ ነው። አባቴ ይድረስልኝ።»

ባይህ መዶሻውን እንደያዘ ሰማ። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ሳይቀድም አባት አማቹ ደጅ አይደርስም።

«ልጅ ነገር ታጋንናለች። እሑድ ሽማግሌ ተቀምጦ ያጣራ» አለና ወደ ካቡ ተመለሰ።

ሲመሽ የቴሌስኮፑ ቤት ጣራ ተከፈተ። ቴሌስኮፑ አንድ ኮከብ ላይ አፍጥጦ ቆየ። ድንገት ማንም ሳይነካው ተሽከርክሮ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ።

«ኧረ ይሄ ነገር አበደ!» ብሎ ባይህ ጮኸ።

ባለሙያዋ ፌቨን የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች። «አላበደም፣ አባባ። ሰማይ ላይ ያለ ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ፣ ቶሎ የሚጠፋ ኃይለኛ ፍንዳታ፣ አይቶ ጠራው።»

«አንቺ አዘዝሽው?»

«እኔማ ሻይ ላይ ነበርኩ። እኔን እስኪጠይቅ ብርሃኑ ይደበዝዛል።»

«ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«ኮከብ ሞቶ ነው። ምድር ሳትፈጠር በፊት።»

«ታዲያ ምን ያጣድፈዋል? ለቀብሩ ነው?»

ፌቨን ሳቀች። «ብርሃኑ ከሩቅ ተጉዞ፣ ጥሪው የደረሰን አሁን ነዋ!»

«ጥሪው ውሸት ቢሆንስ?»

«አንዳንዴ ይሆናል። ያኔ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቆሞ ሲያጣራ ግን እውነተኛው ያመልጠዋል።»

ባይህ ግራ ገባው። ብረት ለማያውቀው የሞተ ኮከብ ወዲያው ዞረ። እሱ በሕይወት ላለች ልጁ እሑድን ቀጠረ። ያበደው ማን ነው? ሽማግሌን መቅደም ነውር ነው፤ ይህን ያውቃል። ልጅ ስትጣራ መቀመጥስ ምን ይባላል? ይህን አላወቀም።

ወገኖቼ፣ ማጣራት ደግ ነው፤ ከደረሱ በኋላም ይቻላል። ጥሪው ውሸት ቢሆን የደረሰ ሰው የሚያጣው መንገዱን ብቻ ነው። እውነት ቢሆንስ፣ ያልደረሰው ምን ያጣል?

ባይህ ግራ እንደተጋባ መዶሻውን አስቀመጠ። በሽማግሌው ደጅ ሲያልፍ፣ «እሑድ እናንተ ተቀመጡ፤ እኔ ልጄን ይዤ እመጣለሁ» አለ። በቅሎውን ጭኖ በዚያው ምሽት ወደ አማቹ ቤት ተነሣ።