ሳይቀመስ የማይነሣ እጅ

በአንዲት ትንሽ ከተማ መንግሥት መሬትና ሕንጻ ሰጥቶ አንድ የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላው ገምጋሚዎች መጡ። ወላጆች «ጥሩ ነው» ካሉ ውሉ ለሌላ ሃያ ዓመት ይታደሳል።

ወላጆች የተሰበሰቡበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያን ዕለት ጠዋት ስለተቀባ ግድግዳ የተደገፈ ወላጅ ሁሉ ጀርባው አረንጓዴ ሆኗል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አቶ መኳንንት ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ንግግሬን አሳጥራለሁ፤ ልጆቼን ዞን ከተማ ካለው ትምህርት ቤታቸው ማምጣት አለብኝ» አሉ። «ትምህርት ቤታችን ግሩም ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ። የማያነሣ ፀረ ልማት ነው።»

እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። የአንዲት ጠላ ሻጭ እጅ ብቻ ጭኗ ላይ ቀረ።

«አንቺስ ምን ሆነሻል?» አሏት።

«ጌታዬ፣ እኔ ለእንግዳ ጠላ ስቀዳ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምስለታለሁ። ሳልቀምስለት ጣሳውን የሚያነሣ እንግዳ አላየሁም። እርስዎም ልጆችዎን እዚህ ያምጡና ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ያስቀምሷቸው። ያኔ ሁለቱንም እጄን አነሣለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የተነሡት እጆችም አንድ በአንድ ወረዱ።

አቶ መኳንንት ፊታቸው ተለዋወጠ። «ትምህርትን ከጠላ ጋር ምን አገናኘው?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች ሴትዮዋ። «የመጥፎ ጠላ ራስ ምታት በማግስቱ ይለቃል።»