የአህያ ቡላ ባዶ ሲዲ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ጨክኖ ምንጩ አንድ ብቻ በቀረበት ዱር፣ ቡላ የሚባል አህያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አህያ ስለ መዝገብ ምን ያውቃል እንዳትሉኝ። ሌላው አውሬ ሁሉ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቅቶት ነው ሥራው ለእሱ የተረፈው።

በዚያ ሰሞን ንጉሥ አንበሳ ውሃው በእጣ እንዲጠጣ አዘዘ። ጉልበተኛውም ደካማውም እጣ አወጣ፤ ቡላም የእያንዳንዱን ተራ ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበ። ምንጩ የሚከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እጣው የተጻፈባቸው ቅጠሎችስ የት ገቡ? እነሱንማ ፍየል እዚያው በላቻቸው። ፍየል ናትና ማንም አልተቆጣትም።

እንግዲህ የዱሩ ሁሉ ተራ ያለው በዚያች አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሰሞኑን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀምራለች። ቡላ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር ጆሮው ይቆማል። ድሮ ቢሆን በየሳምንቱ መዝገቡን ሲዲ ላይ ገልብጦ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍ ነበር። የሲዲ መጻፊያው ግን እጣው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ተበላሸ። እመት ቀበሮ አሮጌውን ነቅላ አዲስ ገጠመችለት። ከዚያ ወዲህ ሊገለብጥ በሞከረ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፦ «ቅጂው አልተሳካም።»

ሐሙስ ጠዋት አሥረኛውን ሲዲ ከተተ። «ቅጂው አልተሳካም።» አወጣው፣ በጭራው ወለወለው፣ መልሶ ከተተው። «ቅጂው አልተሳካም።» ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። አጠፋ፣ አበራ። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ኧረ እባክሽ እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ!» አላት ኮምፒውተሯን።

እንዲህ ያንገበገበው የእመት ኤሊ ነገር ነው። የመጀመሪያው እጣ የደረሰው ለእሷ ነው። ከቤቷ እስከ ምንጩ ስድስት ቀን ስለሚፈጅባት እሑድ ዕለት ተነሣች። በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍም «ልጄ ቡላ፣ አደራ፣ ስሜ እንዳይጠፋብኝ» ብላዋለች። አሁን መንገድ ላይ ናት። መዝገቡ ከጠፋ ጉልበተኛ ቀድሞ ይጠጣል፤ ለእሷ የሚቀርላት ጭቃ ነው።

በዚህ መሃል አያ ጅቦ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ጅብን በጠራራ ፀሐይ ምን አወጣው ብትሉ፣ ጥማት ነዋ!

«ቡላ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?»

«ሲዲው አልጻፍ አለኝ፣ አያ ጅቦ።»

«ቆሽሾ ይሆናላ! አምጣ እስቲ፣ ልላስልህ።»

«ኧረ ተው፣ በምላስ አይ…»

ቀረጭ! አንዴ ላሰው፣ ከዚያ ጥርሱ አልቻለም።

«አጥንት መሰለኝ እኮ» አለ አያ ጅቦ ስብርባሪውን እያላመጠ። «ለመሆኑ ይሄ መዝገብ ቢጠፋ ምን ይጎድልብናል? እኔ እንደሆንኩ ጉልበት አለኝ።»

«ስንተኛ እንደሆንክ ታውቃለህ?»

«ማንበብ ማን አስተማረኝ! ጅብን መጨረሻ እንደሚያደርጉት ግን አይጠፋኝም።»

ቡላ ሊነግረው አፉን ሲከፍት ኮምፒውተሯ ቋ አለች። ወሬውን ትቶ ወደ እመት ቀበሮ ቤት ሮጠ።

እመት ቀበሮ ቡላ ከጅግራ ለምኖ ያመጣላትን ሦስት እንቁላል ሳትቀበል ከበሯ አልተነቃነቀችም። መዝገብ ቤት ስትደርስም ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰች።

«የሚያስጨንቅህ ምኑ ነው፣ ቡልዬ?»

«ቀዩ ጽሑፍ ነዋ፣ እመቴ!»

«እሱ ብቻ? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!»

«ማስጠንቀቂያ አታሳይ» የሚለውን ፈልጋ ነካች። ቡላ አዲስ ሲዲ ከተተ። ኮምፒውተሯ ጥቂት አጉረመረመችና ሲዲውን ተፋችው። ቀይ ጽሑፍ የለም።

«አየህ? ድሮም በሽታው የአንተ ጭንቀት ነው» አለችና እንቁላሎቿን ይዛ ውልቅ አለች።

ቡላ እፎይ አለ። እፎይታው ግን ብዙም አልቆየም። የተጻፈበት ሲዲ ሆዱ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት እንደሚወጣበት ከልምዱ ያውቃል። ሲዲውን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ቢያየው ምንም የለም። የራሱ ረጅም ፊት ብቻ መልሶ አፈጠጠበት።

«ወይ ጉዴ! አፏን ዘጋችው እንጂ መች አዳነቻት!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሲሞክር ውሎ ሲያቅተው፣ ድርቆሹን ተሸክሞ ወደ ቤቱ አዘገመ። ልብ በሉ፣ ቡላ ቤት ከቀየረ ገና ሳምንቱ ነው። የድሮው ጣሪያ ወድቆበት ከጉብታው ማዶ ሌላ ሠርቷል። እግሩ ግን አህያ አይደል፣ የለመደውን መንገድ ይዞ ወሰደው። ሐሳቡ ሲዲው ላይ እንዳለ፣ ከፈራረሰው ቤት ፊት ተገትሮ ራሱን አገኘው። በዚህ ሳምንት ሲሳሳት ይህ አራተኛው ነው።

«ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ሸክሙ ደህና፣ ጀርባዬ ደህና፤ የመጣሁት ግን ማንም ወደሌለበት ቤት!»

ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ድንገት ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ።

«ቆይ እስቲ… ኮምፒውተሯስ?»

ድርቆሹን እዚያው ዘርግፎ ፈረጠጠ። መዝገብ ቤት ገብቶ የመገልበጫውን ፕሮግራም ከፈተ። «የሚጻፍበት መሣሪያ» ከሚለው አጠገብ ያለው፣ ተነቅሎ ጓሮ የተጣለው የአሮጌው መጻፊያ ስም ነው! ፕሮግራሙ ሰሞኑን ሁሉ ሸክሙን ባዶ ቤት ደጃፍ እያደረሰ የሚቀበለው ሲያጣ ይጮህ ነበር። ቀበሮ ያፈነችው ያንን ጩኸት ነው። ቡላ የአዲሱን መጻፊያ ስም መረጠ። ማስጠንቀቂያውንም መልሶ ከፈተው። ያልተሞከረበት አዲስ ሲዲ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ከተተው። ሩብ ደረሰ። ግማሽ ደረሰ። ቋ፣ ቋ…

«በርቺ የኔ እናት! ትንሽ ናት የቀረችሽ!»

«ቅጂው ተሳክቷል።»

ጠቆር ያለውን ቀለበት አየ፤ ግን አላመነም። ምንጩ አጠገብ ወዳለው የዝንጀሮ ቪዲዮ ቤት እያለከለከ ገባ።

«ጌታው ዝንጀሮ፣ ይህን በአንተ ኮምፒውተር ክፈትልኝ።»

«ፊልም ነው?»

«ለእኔ ከፊልም ይበልጣል።»

ዝርዝሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ኤሊ» ይላል። ቡላ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ ኮምፒውተር ቋ እንኳ ሳትል ቀረች። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ «መዝገቡ ሞተ! ጉልበት ያለው ይጠጣ!» እያለ ምንጩ አፍ ላይ ተጋደመ። እመት ኤሊ አቧራ ለብሳ ብቅ ያለችው ይኼኔ ነው። ጅቡን አየች፣ አንበሳውን አየች፣ ከዚያ ቡላን አየችው።

ቡላ ከከረጢቱ ሲዲውን አውጥቶ ለዝንጀሮ ሰጠ። ዝንጀሮ ከቪዲዮ ቤቱ መስኮት ጮክ ብሎ አነበበ፦

«አንደኛ፣ እመት ኤሊ! ሁለተኛ፣ አያ ጅቦ!»

አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ። «እኔ? ሁለተኛ? ምነው ቡላ፣ አትነግረኝም ነበር?»

«ያለ ተራህ ምንጩን ስለዘጋህ አሁን መጨረሻ ነህ» አለው ንጉሥ አንበሳ።

እመት ቀበሮ ጭራዋን እየቆላች ወደ ፊት ቀረበች። «ጌታዬ፣ መጻፊያውን የጠገንኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ቡላ ያንን ባዶ ሲዲ አወጣ። «የእመቴ ሥራ ደግሞ ይኸው፣ ጌታዬ።»

ንጉሥ አንበሳ ሲዲውን ቢያገላብጠው ከራሱ ጎፈር በቀር ምንም አላየበትም። «አንቺ ደግሞ ከጅቡ ኋላ ተሰለፊ» አላት። ከጅብ ኋላ የሚተርፈውን ውሃ እናንተው ገምቱት።

እመት ኤሊ አንገቷን ዘርግታ እስክትረካ ጠጣች። «ተባረክ ልጄ፣ አደራዬን አልበላህም» አለችው። ቡላ ግን ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ መታጠፊያው ላይ ቆም እያለ እግሩ ወዴት እንደዞረ ያይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት ችግሩን መፍታት እንዳልሆነ፣ ዕቃ ስንቀይርም የድሮውን መንገድ አብረን መቀየርና ሥራው መሠራቱን በገዛ ዓይናችን ማረጋገጥ እንዳለብን ነው።