ሦስቱ ዶሮዎች የት ገቡ

የሕፃናት መቀንጨር ይጥፋ ተብሎ ለድሃ እናቶች ዶሮ የታደለ ጊዜ፣ አንዲት ምላሰኛ ሴት ሦስት ደረሷት። ልጆቿ በየቀኑ እንቁላል እንዲበሉ ነበር።

በዓመቱ የሥርዓተ ምግብ ኃላፊው አጃቢዎቹን አስከትሎ ለግምገማ ቤቷ ገባ። እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝምና ዶሮ ወጥ ቀረበለት። እሱም ሳይግደረደር፣ ለክቡር እንግዳ የሚወጣውን ፈረሰኛ እየጋጠ የልጆቿን ክንድ አስለካ። ክንዳቸው እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ቢያገኘው ተቆጣ።

«የሰጠንሽ ዶሮዎች የት ገቡ? አሁኑኑ ካላሳየሽኝ ከእርዳታው ትሰረዣለሽ» አላት።

ሴትየዋም ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ «ጌታዬ፣ አንዷ ለስልጠናው፣ አንዷ ለክትትሉ ታረደች። ሦስተኛዋ እጅዎ ላይ ናት። ልጆቼ እንቁላል እንዲቀምሱ ካሰቡላቸው፣ የከርሞውን ግምገማ በሁዳዴ ጾም ያድርጉልን» አለችው።