ሽማግሌ የተላከበት ኮንደንሰር

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ትግባ» በሉኝ! እሰይ፣ ገባች።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ዘውገ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበረ። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላለት አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርም ነበረው። «በዚያ ዘመን ምን መብራት ነበረና?» የምትሉ ካላችሁ ዝም በሉ፤ ተረት እኮ ነው!

አምፕሊፋየሩ ጉልበት ነበረው፤ ድምፁ ግን ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይበሳል። የእህቱ ሰርግ ሲቃረብ ዘውገ «በዚህ ድምፅማ እህቴን አልድርም» አለና ራሱ ቤቱ ሊያስተካክለው ቆርጦ ተነሣ። ከተበላሸ ሬዲዮ ደህና ደህናውን ዕቃ ለቀመ። ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፤ የጀርባውን ክዳን ፈታ። እጁን ሊሰድ ሲል አምፕሊፋየሩ ጮኸ።

«ዘውገ! ተው እጅህን! ሆዴ ውስጥ ቂመኛ አለ!»

«ደግሞ የምን ቂመኛ?»

«ኮንደንሰር ነዋ! ያ ድብልብሉ። መብራት የሚያጠራቅምልኝ እሱ ነው። ገመዱ ቢነቀልም የያዘውን አይለቅም። ዛሬ ደግሞ ተቀይሟል፤ ብትነካው ይገድልሃል።»

ከአምፕሊፋየሩ ሣጥን ሥር የምትኖር አይጥ ይህን ሰማች። በአምፕሊፋየሩ ጩኸት እንቅልፍ አጥታ ስለነበር፣ ዘውገ ቢሞትላት ቤቱ ጸጥ ይልላታል። «ኧረ ዘውገ! የተነቀለ ነገር ይፈራል? ወንድ አይደለህም እንዴ? ግባበት!» አለችው።

ዘውገ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ በአይጥ ምላስ የሚነዳ ሰው አልነበረም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ» አለ።

መጀመሪያ ካቻቢቴ ተላከ። ሄደና «የያዝከውን አሁኑኑ ልቀቅ!» ብሎ አፈጠጠ። ገና ጫፉ ሲነካው ጧ! እሳት ተፈናጠረ። ካቻቢቴ አፍንጫው ጠቁሮ ፈርጥጦ ተመለሰ።

ሁለተኛ ፒንሳ ተላከ። «እምቢ ካልክ ነቅዬ ለቆራሌ ነው የምሰጥህ!» ብሎ ዛተ። ጧ! አንዱ ጥርሱ ተሸረፈ። አይጧ በሳቅ ፈረሰች። «ሽማግሌ ተብዬዎች!»

ሦስተኛ ሬዚስተር ተነሣ። ሬዚስተር ማለት ሆዱ ላይ ቀለም ቀለም መቀነት የታጠቀ፣ የገብስ ፍሬ የሚያክል፣ መብራትን ቀስ አድርጎ የሚያሳልፍ ነገር ነው። «አንተን ብሎ ሽማግሌ!» ብለው ሌሎቹ ሳቁበት። እሱ ግን ሄዶ ኮንደንሰር ደጅ ላይ ቆመ።

«ተቀመጥ» አለው ኮንደንሰር ቆጣ ብሎ።

«ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ ይቀመጣል እንዴ፣ ጋሼ? ምን አስቀየመዎት?»

ኮንደንሰር ይህን ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ግን ተነፈሰ። «ስንት ዘመን መብራት የተሸከምኩት እኔ! ዘፈኑ ሲያምር የሚሞገሰው ጊታሩ! ዛሬ ደግሞ ክዳን ተከፍቶ አውጥተው ሊጥሉኝ ነው!»

«እውነትዎን ነው፣ ያስቀይማል። ቀስ እያሉ ይንገሩኝ።»

ሬዚስተር አንድ እግሩን ኮንደንሰሩ ላይ፣ ሌላውን የሣጥኑ ብረት ላይ አድርጎ ቆመ። ኮንደንሰር ተናገረ፣ ተናገረ። ቂሙ ከተጠራቀመው መብራት ጋር በሬዚስተር ሆድ እያለፈ ወደ ብረቱ ወረደ። ሬዚስተር ሞቀ፣ ጋለ።

«ተቃጠልክ እኮ!» አለው ኮንደንሰር ራሱ አዝኖለት።

«ግድ የለም፣ ጋሼ፣ ይጨርሱ።»

እንዴት ያለ አንጀት ነው! እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቃል እግሬ አውጪኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ንቅንቅ ሳይል ቆሞ አዳመጠ፣ እስኪያልቅ።

«ወጣልኝ» አለ ኮንደንሰር በመጨረሻ። «በል አሁን ተቀመጥ።»

ዘውገ ኮንደንሰሩን በቴስተር ለካ፤ ባዶ ነው። እፎይ አለ። «የምቀይረው ድምፁን የሚያቀጥነውን ትንሹን ኮንደንሰር እንጂ አንተንማ ከየት አገኝሃለሁ?» አለውና ትንሹን አውጥቶ የሬዲዮውን በየደበት። ሬዚስተርንም ከኮንደንሰሩ ጎን በየደው፤ «ተቀመጥ ተብለሃል፣ እንግዲህ ቤትህ ይኸው ነው» አለው። ክዳኑን ገጠመ፣ ገመዱን ሰካ፣ አንድ ክር መታ። ወይ ድምፅ! ወፍራም፣ ልብ ድረስ የሚገባ! አይጧ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ጎረቤት ተሰደደች።

በሰርጉ ቀን አሮጊት ሳትቀር ትከሻዋን አረገፈች። ሰዉም እንደ ልማዱ «ጊታሩ አንደኛ ነው!» እያለ ጮኸ። ኮንደንሰር ሰማ፤ ቅር አለው። ገመዱ ሲነቀል ግን ወደ ጎኑ ዞር ብሎ «ሰማሃቸው?» አለ።

«ሰማኋቸው፣ ጋሼ። ይንገሩኝ» አለ ሬዚስተር።

ሙሽራዋ ተሸኝታ ሳታበቃ ኮንደንሰር ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ዘውገ ያንን ሣጥን በከፈተ ቁጥር እጁ ምንም ሳይሆን ይወጣ ነበር።

እኔ ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋልና ውኃ አቀብሉኝ። እናንተም ይህን ያዙ፦ ቂም የማይገባበት ቤት የለም፤ የታደለ ቤት ግን ቂም የሚያስተነፍስ አንድ አድማጭ አያጣም።